እንግዳው ጅብ ነው፦ አስቂኝ የምናብ ተውኔት ለሚያዘጋጅ አማተር ክበብ

ማታ ነው። በር ይንኳኳል። «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ይሰማል። እማወራዋ ስትከፍት ጅብ ቆሟል፤ ጋቢውን በወጉ ተከናንቧል። «የመሸብኝ መንገደኛ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። የቤቱ ሰው ሁሉ ጅብ መሆኑን ያያል። ግን ደጅ የቆመን እንግዳ «አንተ እኮ ጅብ ነህ» የሚለው ማን ነው? ይሉኝታ ይይዛቸውና ቁርበት ያነጥፉለታል። ሌሊቱን ቁርበቱን ይበላዋል። ጠዋት እማወራዋ ባዶውን መደብ እያየች «ተመችቶዎት አደሩ?» ትለዋለች።

«ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለውን ተረትና ምሳሌ ይዘን በክበባችን ያዘጋጀነው ተውኔት ይኸው ነበር። ዘጠኝ ሰዎች ነበርን፤ ቲያትር የተማረ አንድም አልነበረንም። ከዚያ ሥራና ከዚያ ወዲህ ከሠራናቸውም ካበላሸናቸውም የተማርኩትን ነው የምነግራችሁ። አዳራሻችሁ የወጣት ማዕከል ወይም የትምህርት ቤት፣ ወንበሩ ፕላስቲክ፣ በጀቱም የአባላት መዋጮ ነው ብዬ ገምቻለሁ።

መጀመሪያ ጽሑፉ

ለመጀመሪያ ሥራ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ የሚፈጅ ተውኔት ይበቃል። ርዝመቱን በገጽ ቁጥር አትገምቱ፤ ተቀምጣችሁ፣ ድምፅ አውጥታችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ አንብቡት። መድረክ ላይ መግቢያውና መውጫው፣ ዝምታውና ሳቁ ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ገጸ ባሕርያቱን ቁጠሩ፤ ክበቡ ከአዘጋጁ ሌላ ዘጠኝ ሰው ካለው ስድስት ተዋናይ የሚፈልግ ጽሑፍ ምረጡ። የቀሩት ሦስቱ ትርፍ አይደሉም፤ ኋላ ትደርሱበታላችሁ።

ሰው የጻፈውን ተውኔት ከመረጣችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ ፈቃዱንም በጽሑፍ ያዙ። በእኛ አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። «ትኬት አንሸጥም» ማለት ከፈቃድ አያድንም። ብዙ ክበብ የሚሰናከለው በትርጉም ሥራ ላይ ነው፤ የጥንቱ ግሪካዊ ኮሜዲ ጸሐፊ አሪስቶፋነስ ከሞተ ከ2,000 ዓመት በላይ ቢሆነውም ወደ አማርኛ የመለሰው ሰው መብት አለው። ከአያታችሁ የሰማችሁትን ተረት ራሳችሁ ከጻፋችሁት ግን ደጅ የምትጠኑት ደራሲ የለም። እኛም በዚህ መንገድ የሄድነው ከጀግንነት ሳይሆን አጥንተን ለመጨረስ የሚያመቸን እሱ ስለነበረ ነው።

አውሬ መድረክ ላይ አቁሞ ማናገር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የዘመናዊው ቲያትራችን መነሻ የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ከታየ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሩሲያ ተምረው የተመለሱትና ኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እኚህ ሰው በአዲስ አበባው ቴራስ ሆቴል መኳንንቱን አስቀምጠው አውሬዎችን አስወሩ። ተመልካቾቹ ወሬው ስለማን እንደሆነ ገባቸው፤ ተውኔቱም ታገደ። ከዚህ ለእናንተ የሚሆን አንድ የሥራ ምክር አለ። ጅባችሁ ማንን እንደሚመስል እናንተ እወቁት፤ በተውኔቱ ውስጥ ግን አትናገሩት። ጅቡን «አቶ እገሌ» ብላችሁ ስም ካወጣችሁለት ተመልካቹ አንዴ ይስቃል፤ ራሱ ሲደርስበት ግን እቤቱ ድረስ እየሳቀ ይሄዳል።

የምናቡ ሕግ በአንድ ገጽ

ከምንም ነገር በፊት፣ ተዋናይ እንኳ ከመምረጣችሁ በፊት፣ የዓለማችሁን ሕግ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። የእኛ ሦስት ነበር፤ አንደኛ፣ ጅቡ ጅብ መሆኑን ሁሉም ያያል፣ ማንም አይናገርም። ሁለተኛ፣ ጅቡ አይዋሽም፤ «ርቦኛል» ሲል ርቦታል። ሦስተኛ፣ በረት ውስጥ የታሰረችው አህያ እውነቱን ትናገራለች፤ የሚሰማት ግን ተመልካቹ ብቻ ነው።

በልምምድ ጊዜ አንድ ሰው ጥሩ ቀልድ ያመጣል። ያስቃል፤ ሁላችሁም ትወዱታላችሁ። ያኔ ግድግዳውን እዩ። ከእኛ አንዱ፣ የእማወራዋ ልጅ እጮኛ ሆኖ የሚጫወተው፣ ጅቡን እያየ ለተመልካቹ «ይሄ ሰውዬ ጅብ ጅብ አይሸታችሁም?» ብሎ ጨመረ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኛም አወጣነው፤ ምክንያቱም አንድ ሰው ከተናገረ ሌሎቹ ለምን ዝም አሉ? ይሉኝታው ፈረሰ፤ ተውኔቱም አብሮት ይፈርሳል። የምናብ ተውኔት የፈለገውን ማድረግ የሚችል ይመስላል፤ እውነቱ ግን ከኑሮ ድራማ ይልቅ ሕግ የሚፈልገው እሱ ነው። ተመልካች አህያ ትናገራለች ብትሉት ያምናችኋል፤ ትናንት ያልሰሟት ሰዎች ዛሬ ያለ ምክንያት ሲሰሟት ግን ትቷችሁ ስልኩን ያወጣል።

«የመካከለኛው በጋ ሌሊት ሕልም» በሚባለው የሼክስፒር ኮሜዲ ውስጥ እንደ እኛ ያሉ ሰዎች አሉ። ሸማኔ፣ አናጺና ልብስ ሰፊ ተሰብስበው ለመስፍን ሠርግ ተውኔት ያጠናሉ። አንበሳ የሚሆነው አናጺ ሴቶቹ እንዳይደነግጡ ብሎ ወጥቶ አንበሳ አለመሆኑን ያስረዳል። አማተር ሆኖ ይህን ያላደረገ የለም፤ ከጭምብሉ ሥር ፈገግ እያልን «እኔ እኮ ነኝ» የምንል ነን። ጅባችሁ አያስረዳ።

ሚና ማደል

ክበቡ ውስጥ ቀልደኛ የሚባለውን ልጅ ለጅቡ አትስጡት። ይህን ስል ብዙ ጊዜ ተቀይመውኛል፤ አሁንም እላለሁ። ቀልደኛ ሰው ሳቅ ያሳድዳል፤ ጅቡ ደግሞ ሥጋ ነው የሚፈልገው። ሚና ለመምረጥ የተጠቀምንበት ፈተና ቀላል ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ተራ የእድር ማስታወቂያ ሰጠነው፤ የወር መዋጮ፣ የስብሰባ ቀን፣ የቅጣት ገንዘብ ያለበት። «ይህን በጣም ርቦህ፣ ግን ረሃብህን ደብቀህ አንብብ» አልነው። አብዛኛው ሆዱን እየነካ፣ ምራቁን እየዋጠ አነበበ። አንዲት ዝምተኛ ልጅ ግን ቀጥ ብላ ቆማ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቅጣት» የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ብቻ ትንሽ ቆየችበት። ጅቡን እሷ ተጫወተችው።

አዘጋጁ አይተውን። ሁለቱንም እሠራለሁ የሚል ይኖራል፤ መድረኩ ላይ ቆሞ መድረኩን ማየት ስለማይችል እንቢ በሉት። ከተረፉት ሦስት ሰዎች አንዱን የመድረክ አስተባባሪ አድርጉ፦ ቀጠሮ የማይረሳ፣ ደብተር የሚይዝ፣ ጓደኛውንም «ዘገየህ» ለማለት የማያፍር። ሁለተኛው ድምፅና መብራት ይይዛል። ሦስተኛው ሁሉንም ቃለ ተውኔት ያጠናል፤ የታመመ ሰው ቢኖር እሱ ይገባል፣ ካልኖረ ከመጋረጃ ጀርባ ለረሳ ያስታውሳል።

የልምምዱ ስምንት ሳምንት

በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት፣ ለስምንት ሳምንት፤ 48 ሰዓት ማለት ነው። ሥራና ትምህርት ላለው ሰው ከዚህ በላይ መጠየቅ ክበቡን መበተን ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ተቀምጣችሁ አንብቡ። ከሁለተኛው ጀምሮ ተነሡ። በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ወረቀት በእጁ የሚይዝ ሰው አይኑር። ሰባተኛው ልብስና ዕቃ ተሟልቶ፣ ስምንተኛው ሳይቋረጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፦ የሚሳሳተውም እየተሳሳተ ይቀጥል፤ አዘጋጁ ይጻፍ እንጂ አያስቁም።

አውሬ የሚጫወት ሰው ግን ከሌሎቹ ቀድሞ ሰውነቱን ይጀምር። ጅብን አስተውላችሁት ከሆነ የፊት እግሩ ከኋላው ይረዝማል፤ ጀርባው ከትከሻው ወደ ታች ያዘቀዝቃል። ለዚህ ነው ደህናው እንኳ የሚያነክስ የሚመስለው፤ «ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» ያሉትም ወደው አይደለም። ሐረር የደረሰ ሰው ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲመገብ ቆሞ ይይ፤ ሥጋው ሲቀርብለት እንኳ ገላውን ወደ ኋላ ይዞ አንገቱን ብቻ ሲልክ ያያል። ሊበላም ሊሸሽም ተዘጋጅቷል። የእኛዋ ተዋናይት በአራት እግር አልሄደችም። ቀጥ ብላ ቆማ፣ ጉልበቷን ትንሽ ሰብራ፣ አንገቷን ብቻ ቀድማ ትልክ ነበር፤ ቡና ሲቀርብላት እጇ ወደ ስኒው ሲሄድ ወገቧ ወደ በሩ ይሄዳል። ይህን አንድ ነገር ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀባት፤ ካገኘችው በኋላ ግን ሌላ የጅብ ነገር አላስፈለጋትም።

ጭምብሉ

ከገበያ የሚገዛውን የላስቲክ ጭምብል ተዉት፤ ያሞቃል፣ ድምፅ ያፍናል፣ ገንዘብም ይበላል። በጋዜጣና በዱቄት ይሠራል። ፊኛ በሰው ራስ ልክ ንፉ። የፉርኖ ዱቄት በውኃ በጥብጣችሁ እንደ ቀጭን አጥሚት አብስሉት፤ አንድ ማንኪያ ጨው ጨምሩበት፣ ሻጋታ ያዘገያል። ጋዜጣውን በመቀስ አትቁረጡት፤ በሁለት ጣት ስፋት በእጅ ቅደዱት፣ የተቀደደ ጠርዝ ሲለጠፍ አይታይም። አንድ ዙር ለጥፋችሁ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ከዚያ ሁለተኛውን፤ እስከ አምስት ዙር። ችኮላ እዚህ ላይ አይሆንም፦ እርጥቡ ላይ እርጥብ ከደራረባችሁ ውስጡ ይበሰብሳል። ክረምት ላይ ከሆናችሁ ሥራውን ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሩት።

ሲደርቅ ፊኛውን ወግታችሁ አውጡና ቅርፊቱን ለሁለት ክፈሉት። ጭምብሉ ከላይኛው ከንፈር በላይ ይቁም፤ አፍና አገጭ ነፃ ካልሆኑ ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ ያለ ሰው ቃል አይሰማም። የዓይኑን ቀዳዳ ከምታስቡት አስፉት፣ በተለይ ወደ ታች፤ ተዋናዩ የመድረኩን ጫፍ ማየት አለበት። ጫፉ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፉ። ግንባሩ ውስጥ የስፖንጅ ቁራጭ ካደረጋችሁ ላብ ይይዛል፣ አየርም ያስገባል። ጆሮውን ክብ አድርጉት፤ በአብዛኛው ማታ የምንሰማው ነጠብጣባሙ ጅብ ጆሮው ክብ ነው፣ ሾጣጣ ካደረጋችሁት ውሻ ይሆንባችኋል። ጆሮው ላይ ሙጫ አይበቃም፤ በክር ስፉት። ለምን እንደምል ኋላ ታያላችሁ።

ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ልምምዱ በጭምብል ይሁን። ጭምብል ያደረገ ሰው ማወቅ ያለበት ትልቁ ነገር አንገቱ ፊቱ መሆኑን ነው። ወደ ታች ሲያዘነብል ጭምብሉ ይጠቁራል፣ ይከፋዋል፤ ቀና ሲል ብርሃን ያገኘውና የሳቀ ይመስላል። የጃፓን የኖ ተዋንያን ሲሠሩበት የኖሩት ነገር ነው። መስታወት ፊት አንድ ቀን ሙሉ ተጫወቱበት።

ሳቅ

ተዋናይ ሁሉ ለኑሮው እንደሚሟገት ሰው በቁም ነገር ይጫወት። እማወራዋ የምትጨነቀው ስለ ጅቡ ሳይሆን «ቁርበቱ አሮጌ ነው፣ እንግዳው ምን ይለኛል» ብላ ነው። ይህን ጭንቀት ከልቧ ካመነችበት ሌላ ቀልድ አያስፈልግም።

ሳቅ ሲመጣ ቀጣዩን ቃል አትናገሩ፤ ፀጥ እስኪልም አትጠብቁ። ሳቁ ከፍ ብሎ ማሽቆልቆል ሲጀምር ግቡበት። ይህ በልምምድ አይገኝም፤ ስለዚህ በመጨረሻው ሳምንት ሃያ የሚሆኑ የሰፈር ልጆች ጥሩና አሳዩአቸው። ልጆቹ «ከኋላሽ ነው!» ብለው ይጮኻሉ፤ ተዋናዮቻችሁ ያኔ ይማራሉ። በሰው አነጋገር፣ በአንድ አካባቢ ቅላፄ ወይም በአካል ጉዳት ሳቅ አታምጡ። ርካሽ ከመሆኑም በላይ ጅቡን ያዳክመዋል፤ ተመልካቹ ሰው ላይ መሳቅ ከጀመረ እንግዳውን ይረሳል።

ተአምር በትንሽ ገንዘብ

ጅቡ ቁርበት ሲበላ እንዴት ይታያል? ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ በመድረኩ ጀርባ አንድ ነጭ አንሶላ ወጥረን ከኋላው አንድ መብራት አቆምን። የመድረኩ መብራት ሲጠፋ ጅቡ ከአንሶላው ኋላ ይነሣል። ወደ አምፖሉ በተጠጋ ቁጥር ጥላው ያድጋል፤ በመጨረሻ ጣራውን ይነካል። የማኘኩን ድምፅ ያገኘነው ከድርቆሽ ነው፦ አንዱ ልጅ ማይክሮፎኑ አጠገብ ተቀምጦ ደረቅ ድርቆሽ ቀስ እያለ ይሰብራል። መደቡ ላይ ያለውን ቁርበት ደግሞ በጥቁር ክር አስረን ከታች የተኛ ሰው ትንሽ በትንሽ ይስበዋል። ሰው ከአዳራሹ ሲወጣ የጠየቀን ስለ ክሩ ሳይሆን «ምንድን ነው የበላችው?» እያለ ነበር።

በሌላ ሥራችን አንዲት ጠንቋይ በሰፌድ ትበር ነበር። ማንጠልጠል አልሞከርንም፤ እናንተም አትሞክሩ፣ ሰው ይሞታል። የሚበረውን ትታችሁ የሚያዩትን አሳዩ። መድረክ ላይ ያሉት አራት ሰዎች ዓይናቸውን ከበሩ ያነሣሉ፣ በተመልካቹ ራስ ላይ ያሳልፉና ግራ መስኮቱ ላይ ያሳርፋሉ፤ በልባቸው እስከ ስድስት እየቆጠሩ፣ በሦስት ላይ ሁሉም ጣራው መሐል። ዋሽንት ይከተላቸዋል። በመጀመሪያው ልምምድ እያንዳንዱ በየፊናው አየና ጠንቋይ ሳይሆን አራት ዝንብ የገባ መሰለ። ቁጥሩ ሲገጥም ግን ተመልካቹ ዘወር ብሎ ጣራ ያያል።

ጭስ ካስፈለጋችሁ በማጨሻ ላይ ያለ ዕጣን ይበቃል፤ ከመጋረጃና ከጋዜጣው ጭምብል ይራቅ፣ አንድ ባልዲ አሸዋ ከጀርባ ይቀመጥ። ድምፅ በተቻለ መጠን በከበሮና በዋሽንት ይሁን፤ ከበሮ መብራት ሲጠፋ አይጠፋም። መብራት ደግሞ ይጠፋል። ሁለት ቻርጅ የሚደረግ መብራት የት እንዳለ ሁሉም ይወቅ፤ ማን አንሥቶ እንደሚገባና ምን እንደሚል በጽሑፉ ውስጥ ተጽፎ ይጠና። እኛ ዘንድ እማወራዋ ናት፤ «ይቅርታ፣ ሰፈራችን እንዲህ ነው» ትለዋለች እንግዳውን፤ ጅቡም «እኔ ጨለማ አይቸግረኝም» ይላል። መብራት ባልጠፋበት ቀን ይህቺ ቃል ትናፍቀን ነበር።

ቀኑና አዳራሹ

ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ 9 ሰዓት። ጥር የሠርግ ወር ስለሆነ ተመልካች አታገኙም፤ ወደ ፈተና ሰሞንም አትጠጉ። አዳራሹን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት በደብዳቤ ያዙ፤ ለማሳየት የሚያስፈልገውን ፈቃድም የዚያኑ ቀን ጠይቁ። አንድ ጊዜ በቃል ብቻ ተይዞልን ስንደርስ ስብሰባ ይዞት አገኘነው፤ ጅቡ ሜዳ ላይ ተጫወተ።

የዕለቱ ዕለት

ከመድረክ ጀርባ አንድ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ወረቀት አንጥፉና እያንዳንዱን ዕቃ አስቀምጣችሁ ዙሪያውን በእስክሪብቶ ንደፉ፦ ጀበናው እዚህ፣ ጋቢው እዚህ፣ ሰፌዱ እዚህ። ባዶ ንድፍ ከታየ ዕቃ ጎድሏል ማለት ነው። ተዋናይ ሁሉ ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት ይድረስ። ለተመልካች ተብሎ 15 ደቂቃ ይጠበቃል፤ ከዚያ በላይ አይጠበቅም።

ስለ ጆሮው ቃል ገብቼ ነበር። በሁለተኛው ትዕይንታችን፣ ቡናው ሲቀርብ፣ የጅቡ ግራ ጆሮ ተላቆ መሬት ወደቀ። በሙጫ ብቻ ነበር የተያዘው። አዳራሹ ፀጥ አለ። አዘጋጁ እኔ ነበርኩ፤ ከኋላ ቆሜ ዓይኔን ጨፈንኩ። እማወራዋ ስኒዋን አስቀመጠች፤ ጎንበስ ብላ ጆሮውን በሁለት እጇ አነሣች፤ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና «እንካ ጆሮህን» ሳትል፣ ቀና ብላም ሳታየው፣ «ዕቃ ወድቆብዎታል» ብላ አቀረበችለት። ጅቡ ተቀብሎ ጋቢው ውስጥ ከተተውና «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ያን ያህል ሳቅ ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ አላገኘንም። እማወራዋን የተጫወተችው ልጅ በኋላ ስትጠየቅ «ግድግዳው ላይ ማንም አይናገርም ይላላ» አለች።

ካለቀ በኋላ

አልባሳቱን ለባለቤቶቹ በማግስቱ መልሱ፤ ጋቢ የተዋሳችሁት ሰው ለሚቀጥለው ሥራም ያውሳችኋል። ሒሳቡን አባላት ሁሉ ባሉበት አንብቡ። ጭምብሉን ሳጥን ውስጥ አትክተቱት፤ በሽቦ ከጣራ አንጠልጥሉት። የዱቄት ሙጫ እህል ነው፤ የእኛን የመጀመሪያ ጅብ አይጥ በላው።